ዋንጫው በወሎ አልፎ ሲሄድ

እስቲ አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። በ1947 ዓ.ም. የኢትዮጵያ እግር ኳስ ሻምፒዮን ማን ነበር?

«ጊዮርጊስ ነዋ!» ያላችሁ ቁጭ በሉ። «መቻል» ያላችሁ ተጠግታችኋል፣ ግን አላገኛችሁትም። መልሱ ሐማሴን ነው። አዎ፣ ሐማሴን፤ አሥመራን በጉያው የያዘው የኤርትራ አውራጃ። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች ገና ሦስተኛ ዓመቷ አካባቢ ነው፤ ዋንጫው ግን ከወዲሁ መረብን ተሻግሯል። በ1949 ደግሞ ሐማሴን ደገመው። በ1950 አካለ ጉዛይ፣ በ1951 የአሥመራው ቴሌ። ከዚያ ዋንጫው ምሥራቁን ወደደና ድሬዳዋ ገባ። ድሬዳዋ ላይ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከ1952 እስከ 1957 ድረስ፣ አልወጣም። ኮተንና ኢትዮ ሲሚንቶ የሚባሉ ሁለት የአንድ ከተማ ቡድኖች ወንድማማቾች እርሻ እንደሚካፈሉ ተካፈሉት፤ ኮተን አራት፣ ሲሚንቶ ሁለት።

ቁጥሩን አንድ ላይ ስናደርገው ያስደነግጣል። ከ1947 እስከ 1957 ባሉት 11 ዓመታት አዲስ አበባ ዋንጫውን እቤቷ ያስቀረችው አንዴ ብቻ ነው፣ በ1948፣ በመቻል። ዛሬ «የክልል ቡድን» ሲባል ከአዲስ አበባ ቡድኖች ሦስት ነጥብ ለመቀማት በአውቶቡስ የሚንገላታ ሚስኪን ለሚመስለን ለእኛ ትውልድ ይህ ተረት ነው የሚመስለው። ነገር ግን ታሪክ ነው።

ጅማሬውማ እንዲህ አልነበረም። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ውድድር ሲደረግ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ሁሉም አዲስ አበባ ላይ የነበሩ ናቸው። የአበሻው ጊዮርጊስ አንዱ ነው። ሌሎቹ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ናቸው። ያሸነፉት እንግሊዞቹ ነበሩ። (የሚወዱትን ክሪኬት ትተው ኳስ ይዘው መምጣታቸው በጀን። አምስት ቀን የሚፈጅ ጨዋታ ማን ቁጭ ብሎ ያይላቸው ነበር?)

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፦ አሥመራና ድሬዳዋ ዋንጫውን እየተቀባበሉ ሳለ የእኛ ሀገር፣ ወሎ፣ የት ነበረች?

ከአዲስ አበባ አሥመራ የሚወስደው አውራ ጎዳና የሚያልፈው በኮምቦልቻ፣ በደሴና በወልድያ ነው። ዋንጫው በመኪና ተጭኖ ሄዶ ከሆነ ደሴ ላይ ቆሞ ሻይ ጠጥቷል ማለት ነው። ቆሞ ሻይ ጠጣ እንጂ አላደረም። ደሴ ትንሽ ከተማ ስለነበረች አይደለም። የጠቅላይ ግዛት መዲና ነበረች፣ ወይዘሮ ስህንን የመሰለ ትምህርት ቤት ነበራት፣ ኳስ የሚወድ ወጣትም ሞልቷታል። የጎደላት ደመወዝ ከፋይ ነው።

ይህን ለማየት የቡድኖቹን ስም ልብ ብሎ ማንበብ ይበቃል። ሐማሴንና አካለ ጉዛይ የሀገር ስም ናቸው። ቀጥሎ የመጡት ኮተንና ሲሚንቶ ግን የሀገር ስም አይደሉም፤ የፋብሪካ ስም ናቸው። ድሬዳዋ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ስለደረሰላት የተወለደች ከተማ ነች። ባቡሩ ነጋዴውን አመጣ፣ ነጋዴው ፋብሪካውን አስከተለ፣ ፋብሪካው ወዛደሩን ሰበሰበ፣ ወዛደሩ ደግሞ ከሥራ መልስ ኳስ ያንከባልላል። ጥሩ የሚያንከባልለውን ፋብሪካው ቀለል ያለ ሥራ ሰጥቶ ደመወዝ ይቆርጥለታል። በዚያ ዘመን ለተጫዋች ከዚህ የተሻለ ውል አልነበረም። አሥመራም እንዲሁ ነች፤ ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ ፋብሪካውም፣ ሜዳውም፣ ክለቡም ነበራት። ጥር 1954 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ የአሥመራ ልጅ ነው፣ አብሮት የተሰለፈው ወንድሙ ኢታሎም እንዲሁ። «አዲስ አበባ ነው ዋንጫውን የወሰደው» የሚል ካለ ይህንን ንገሩት።

ወሎ ያኔ ገበሬ ነበረች። ገበሬ ደግሞ ቡድን ስፖንሰር አያደርግም፣ ግብር ይከፍላል እንጂ። በ1964 እና በ1965 ዋንጫው እንደገና አሥመራ ገባ፣ በ1966 ደግሞ በተራራው ስም የተጠራው እምባሶይራ ወሰደው። የወሎን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው እነዚያ ዓመታት የሚያስታውሱት ሌላ ነገር ነው። በ1965 ወሎ ውስጥ ሕዝብ በረሃብ እያለቀ ነበር። ያኔ በዚያ አውራ ጎዳና ዳር የተሰለፈው ቡድን ለመቀበል የወጣ ደጋፊ አልነበረም፤ እህል የሚለምን ሰው ነበር። ከዚህ በላይ አንልም።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ውጭ ሀገር ወጣ ብለን እንመለስ፤ ነገሩ ይጠቅመናል።

ቅድም ያሾፍንበት ክሪኬት አንድ የሚያስቀና ነገር አለው። እንግሊዞች የአንደኛ ደረጃ ውድድራቸውን የሚያካሂዱት በፋብሪካ ስም አይደለም፣ በከተማ ስምም አይደለም፣ በአውራጃ ስም ነው። ዮርክሻየር የሚባለው የሰሜን እንግሊዝ አውራጃ ክለቡን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1863 ነው። ይህ ቡድን አንድ ግትር ልማድ ነበረው፦ በዮርክሻየር ወሰን ውስጥ ካልተወለድክ አትሰለፍለትም። እርጉዝ ሚስቱን ለመውለጃዋ ወደ ዮርክሻየር ያጣደፈ አባት ነበር እየተባለ እስከ መቀለድ ተደርሷል። (ደስ የሚለው ነገር ለብዙ ዓመታት አምበላቸው የነበረው ሎርድ ሆክ ራሱ የተወለደው ጎረቤት አውራጃ ውስጥ ነው። ሕግ አውጪ መቼም የትም አንድ ነው!) ልማዱ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ ሀገር የመጣው ተጫዋች ገና የ19 ዓመት ወጣት የነበረው ሕንዳዊው ሳቺን ቴንዱልካር ነበር።

ልማዱን አናደንቅም፤ ዘር ቆጠራ የት እንደሚያደርስ እኛ ለማንም ተናጋሪ አያሻንም። የምናደንቀው ሌላውን ነው። ቡድኑ በአውራጃው ውስጥ ይዞር ነበር። ዋናው ሜዳው ሊድስ ውስጥ ያለው ሄዲንግሊ ሆኖ ሳለ፣ ሼፊልድም ብራድፎርድም የባሕር ዳርቻዋ ስካርብራም ላይ እየሄደ ተጫውቷል። የስካርብራ ዓሣ አጥማጅ ቡድኑን ለማየት ሊድስ ድረስ መሄድ አላስፈለገውም፤ ቡድኑ መጣለት። የሀገር ስም የለበሰ ቡድን እንዲህ ነው እንጂ!

ወደ እኛ እንመለስ። ደርግ ሲመጣ ኳሱም እንደሌላው ሁሉ ተደራጀ። ጊዮርጊስ እንኳን ስሙ ተቀይሮ የቢራ ፋብሪካ ስም ያዘ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ አንድ አዲስ ነገር አብሮ ተወለደ፦ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር። አፋችን ሲያሳጥረው «ከነማ» ሆነ። መድኃኒት ቤቱም ከነማ፣ ቡድኑም ከነማ። ዛሬ ፋሲል ከነማ ብላችሁ ስትጮኹ ሳታውቁት የቀበሌ ማኅበር ስም እየጠራችሁ ነው። ሌሎቹ ብዙዎች በኋላ «ከተማ» ተባሉ፤ ጎንደሬዎቹ ግን ስማቸውን ይዘው ቀሩ፣ ደግ አደረጉ።

በደርግ ዘመን ዋንጫው በአብዛኛው አዲስ አበባ ላይ ከረመ። በ1975 የድሬዳዋው ኮተን አንድ ጊዜ ብቅ ብሎ መውሰዱ ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። በ1990 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ የሚባለው አዲሱ አደረጃጀት ሲጀመርም የመጀመሪያው ሻምፒዮን መብራት ኃይል ሆነ። ከዚያ ጊዮርጊስ፣ እንደገና ጊዮርጊስ… ይህን ነጠላ ዜማ በ1996 ያቋረጠችው ሐዋሳ ናት፤ በ1999ም ደገመችው።

በሐዋሳ ድል አዲስ ዓይነት ባለቤት መጣ። ወንጂ ስኳር፣ መተሐራ ስኳር፣ ሙገር ሲሚንቶ፣ ሐረር ቢራ ተራ በተራ ከትልቁ ሊግ ሲወጡ ቦታቸውን የያዙት የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። ጎንደር ላይ ነገሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ታየ፦ በ2008 የፋብሪካው ቡድን ዳሸን ቢራ ወረደና ፈረሰ፣ የከተማው ቡድን ፋሲል ደግሞ በዚያው ዓመት አደገ። የከተማ ቡድን ማለት ደመወዙ ከማዘጋጃ ቤት የሚወጣ፣ የቦርድ ሰብሳቢው ብዙ ጊዜ ከንቲባው ወይም የከንቲባው ሰው የሆነ ቡድን ነው። በጀት ሲኖር አጥቂ ይገዛል፣ በጀት ሲያልቅ ተጫዋቹ ልምምድ ያቆማል። ገንዘቡ እንዴት እንደናረ ለማወቅ በ2011 ማብቂያ ላይ ክለቦቹ ራሳቸው ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ መስማማታቸውን ማስታወስ ይበቃል። ጣሪያ የሚሠራው ከጣሪያ በላይ ሲኬድ ነውና። ደግሞም ይህ ብር ለመንገድና ለቧንቧ ከሚወጣው ከዚያው ካዝና የሚወጣ ነው።

አሁን ወልድያ ላይ እንደርሳለን፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳንም እሷ ናት።

ወልድያ በ2007 የውድድር ዓመት ፕሪሚየር ሊግ ገባች። ባንድ ዓመት ወረደች። «ይኸው ነው፣ ለወሎ ኳስ አይሆናትም» ሲባል በ2009 ተመለሰች። ጥር 2009 ላይ ደግሞ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘውና በሼህ መሐመድ አል አሙዲ ስም የተሰየመው ስታዲየም ተመረቀ። በእውነት ለመናገር ያኔ ሁላችንም ያደረግነው ነገር ቢኖር ፎቶውን ደጋግሞ ማየት ነው። ጣሪያ ያለው፣ ወንበሩ የተደረደረ፣ ሣሩ የተከረከመ ስታዲየም፣ ወሎ ውስጥ! ለአሥርት ዓመታት ስሟ ከረሃብ ጋር ብቻ በዓለም ሲጠራ ለኖረች ሀገር ይህ የሲሚንቶና የብረት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሌላ ፎቶ ነበር። «ወሎ» ብሎ ኢንተርኔት ላይ ለሚፈልግ ሰው ከዚያ ከምናውቀው ፎቶ ሌላ የሚያገኘው ነገር።

ቡድኑ በዚያ ዓመት በሊጉ ቆየ። 2010 ግን ክፉ ዓመት ነበር። ጥቅምት ላይ ስታዲየሙ በስሙ የተጠራለት ባለሀብት ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ታሰረ። ኅዳር ላይ መቀሌ ከተማ ወልድያ ላይ ሊጫወት በመጣ ጊዜ ከጨዋታው በፊት ግጭት ተነሳ፤ ሰው ሞተ፣ ንብረት ወደመ፣ ጨዋታውም ሳይደረግ ቀረ። ያ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው ኳስ ለማየት ነበር። ከጀርባው የነበረውን ፖለቲካ ለፖለቲከኞቹ እንተወውና፣ አንድ ነገር ግን እንበል፦ የሀገር ስም በማልያ ላይ መጻፍ ቀልድ አይደለም። ኮተን ከሲሚንቶ ጋር ሲጫወት የሚሸነፈው ፋብሪካ ነው። ወልድያ ከመቀሌ ጋር ሲጫወት ግን በሜዳው የሌሉ ሁሉ፣ የሞቱትም ጭምር፣ የሚሰለፉ የሚመስለው ብዙ ነው። የውድድር ዓመቱ ሲያልቅ ወልድያ ወረደች። እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስም አልተመለሰችም።

ከእኛ መንደር ስናየው ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ወግዲና መካነ ሰላም ደቡብ ወሎ ውስጥ ናቸው ይባላል እንጂ ከመካነ ሰላም ደሴ ብቻ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ ወልድያ ደግሞ ሌላ 120። ለአንድ የ90 ደቂቃ ጨዋታ ማለዳ ተነስቶ፣ ደሴ አድሮ፣ ሌላ መኪና ይዞ፣ አይቶ ለመመለስ ቢያንስ ሦስት ቀንና የአንድ በግ ዋጋ ያስፈልጋል። ስለዚህ የወግዲ ልጅ «የእኔ ቡድን» ሲል አርሰናልን ወይም ማንቸስተርን ነው። አትፍረዱበት። አርሰናል በየሳምንቱ መካነ ሰላም ይመጣል፣ በዲሽ። ወልድያ አንድም ቀን አልመጣም፣ ደሴ ከተማም ከሆጤ ሜዳ ተነስቶ አልመጣም። ስካርብራን ያነሳነው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ በእኛ ሀገር ያለ በጀትና ያለ ቦርድ የኖረ የአገር ቡድን ፈልጎ ማጣት አይቻልም። ገና ነው። በገና ሰሞን የላይኛው ሰፈር ከታችኛው ሰፈር፣ ባለትዳሩ ከወንደላጤው ተከፍሎ፣ የቆለመመ ዱላውን ይዞ ጥንጓን የሚያባርርበት ሜዳ ላይ ማን ለማን እንደሚሰለፍ ጥያቄ የለም። ባሪያና ጌታ የሚባል በነበረበት ዘመን እንኳን በዚያች ዕለት ጌታ አይቆጣም ይባል ነበር። የዝውውር መስኮት የለውም፤ የሚዛወር ቢኖር ሚስት ያገባው ነው።

ወደ ሊጉ እንመለስና ስለ ጎንደር እንጨርስ። ፋሲል ከነማ በ2011 ዋንጫውን በእጁ ሊያስገባ አንድ ጨዋታ ሲቀረው ከስሑል ሽረ ጋር አቻ ወጣና መቐለ 70 እንደርታ በአንድ ነጥብ ቀድሞ ወሰደው። 2012 በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። በ2013 ግን ፋሲል በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ ሻምፒዮን ሆነ። ከጎንደር የሄደ ቡድን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን! እኛ ወሎዬዎች ነን፣ ቢሆንም ጨፍረናል።

ግን ያ ዋንጫ አንድ እንግዳ ነገር አለው። ፋሲል ያን ዓመት ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ አልተጫወተም። ወረርሽኙም ስለነበረ፣ የቴሌቪዥን መብቱም ለአምስት ዓመት በ68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለሱፐርስፖርት ስለተሸጠ፣ ሊጉ ቡድኖቹን ሁሉ አንድ ከተማ ላይ እየሰበሰበ ማጫወት ጀመረ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ካሜራው አንድ ቦታ ይተከላል፣ ቡድኖቹ እየመጡ ይጫወታሉ። ለካሜራው ጥሩ ነው፤ ሥዕሉም አማረ፣ ክለቦቹም ገንዘብ አገኙ፣ ይህን መካድ አንፈልግም። ጎንደሬው ግን የራሱን ቡድን ሻምፒዮን ሲሆን ያየው ልክ የወግዲው ልጅ አርሰናልን እንደሚያየው ነው፣ በዲሽ። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም አሠራሩ ቀጠለ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የትግራይ ክለቦች ከ2013 ጀምሮ ከሊጉ ጠፉ፤ የተመለሱት በ2017 ነው። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በጦርነት ውስጥ ነበረች፣ ደሴና ኮምቦልቻም ጥቅምትና ኅዳር 2014ን እንዲሁ አሳለፉ። ሰላም ወረደ ሲባል ደግሞ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ ሌላ ግጭት ተነሳና መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ከረመ። ከመካነ ሰላም ደሴ መድረስ ራሱ ዜና በሆነበት ጊዜ ስለ ሜዳ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። ቢሆንም እናወራለን፤ ምክንያቱም የመካነ ሰላም ልጆች በዚያ ሁሉ መሐል ከሰዓት በኋላ ሜዳ መውጣታቸውን አላቆሙም። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሱን እዚያ ከከፈተ ወዲህ ደግሞ ከየሀገሩ የመጡ ተማሪዎችም አብረው ይጫወታሉ።

እኛ የምንጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ሊጉ አንድ ከተማ ላይ ተሰብስቦ የሚጫወት ከሆነ፣ ከ25 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው የወልድያ ስታዲየም ሰላም ሲሆን ለምን አንድ ዙር አያስተናግድም? ደሴ ከተማና ወሎ ኮምቦልቻስ ለወዳጅነት ጨዋታ በዓመት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ በጥምቀት ሰሞን፣ መካነ ሰላም ወይም ወግዲ መጥተው ቢጫወቱ ምን ይጎድልባቸዋል? ሜዳው ደልዳላ ነው፣ ሣሩን ከብቶቹ አጭደውታል። መስመሩን በአመድ የሚያሰምርም ሞልቷል።